ግማሹ ቢጫ የሆነ ዶቦክ

የቴኳንዶ ፎቶ ሲወደስ የሚወደሰው እግሩ ነው። እግሩ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የላብ ጠብታዋ ሳትቀር ትቆጠራለች፤ የፎቶው ገዢ «ጥርት ያለ ነው!» ይላል፤ ተለማማጅ ፎቶ አንሺውም ሙገሳውን ተቀብሎ ሌላ መቶ እንደዚያው ያለ ፎቶ ሊያነሳ ይሄዳል። ልጁ የለበሰው ዶቦክ፣ የቴኳንዶው ነጭ ልብስ፣ ከደረቱ በላይ ነጭ፣ ከወገቡ በታች የሻይ ቀለም መሆኑን የሚያይ ሰው ግን አይገኝም። ያው ፎቶ ባነር ሆኖ በሁለት ሜትር ስፋት ይታተማል፤ ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ባለው መንገድ ዳር ይሰቀላል፤ አላፊ አግዳሚውም የልጁን ልብስ ያላጠበችው እናቱ ናት ብሎ ያስባል። ጥፋቱ ግን የእናቱ አይደለም። ፎቶ አንሺው መብራቱን ሳያውቀው ነው ያነሳው። እኔ በበኩሌ በአዳራሽ ውስጥ የተነሳ የስፖርት ፎቶ ሲቀርብልኝ እግሩንም ኳሱንም ከማየቴ በፊት ነጩን ነገር እፈልጋለሁ። አንድ ልብስ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ቀለም ካለው፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም፣ ሥራው አላለቀም ባይ ነኝ።

ትኩረቱ ዓይን ላይ መሆን አለበት፣ ከጀርባ ያለው ምሰሶ ከተጫዋቹ ራስ ላይ የበቀለ መምሰል የለበትም፣ ነጭ ልብስ ካሜራውን አታሎ ፊትን እንዳያጠቁር ብርሃኑ በእጅ ይስተካከላል፤ ይህን ሁሉ ማንም ያውቀዋል፣ የማያውቅም በአንድ ሳምንት ይማረዋል። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ሲል ስለሚመጣው ደቃቅ ነጠብጣብም ብዙ አልልም። ነጠብጣብ የጨለማ አዳራሽ ግብር ነው፤ ከፍሎ ማለፍ ነው። ይልቅ የሚያሳፍረው ነጠብጣቡን ለማጥፋት ሲባል ፊቱ በኤዲት ተልጎ እንደ ፕላስቲክ የሚያብለጨልጨው ነው። እሱንም ቢሆን ገዢ ስለሚወደው ለጊዜው ልለፈው። ያላለፍኩት፣ የማላልፈውም፣ የመብራት መርገብገብ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በአገራችን ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ነው፤ ማለትም የሚመላለሰው ጅረት በአንድ ሰከንድ 50 ጊዜ ዙሩን ይጨርሳል። በእያንዳንዱ ዙር ኃይሉ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ወደ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይደክማል። ዓይናችን ይህን አያይም፤ አእምሯችን አማክሎ «በርቷል» ይለዋል። ካሜራ ግን አያማክልም። የድሮው አምፖል፣ ያ ባለ ክሩ፣ አንዴ ከጋለ ቶሎ ስለማይበርድ በመካከል ያለውን ድክመት በራሱ ሙቀት ይሸፍነው ነበር። የድሮ ዓይነት ባላስት ያለው ረጅሙ ፍሎረሰንት ግን እንዲያ አይደለም። በውስጡ የተቀባው ዱቄት ልዩ ልዩ ቀለም የሚሰጡ ነገሮች ቅልቅል ነው፤ ጅረቱ ሲደክም አንዱ ቀለም ቶሎ ይጠፋል፣ ሌላው ጥቂት ይዘገያል። በብዛት ቀድሞ የሚሸሸው ሰማያዊው ነው፤ የሚቀረው ቢጫና ቀይ ቅሪቱ ነው። ትልልቁ የአዳራሽ ፓውዛም፣ ያ ከበራ በኋላ እስኪደምቅ ደቂቃዎች የሚፈጀው፣ ከዚሁ ወገን ነው። ርካሹ ኤልኢዲ ደግሞ ቀለሙን ብዙ ባይለውጥም ድምቀቱ ከጫፍ እስከ ባዶ ይወርዳል፤ ጅረቱን የሚያለሰልስለት ዕቃ ለዋጋው ሲባል ተቀንሶበታልና። በአጭሩ፣ የአዳራሽ መብራት እንደ ግድግዳው ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። በአንድ መቶኛ ሰከንድ ውስጥ ተወልዶ፣ አርጅቶ፣ እንደገና ይወለዳል።

አሁን ሹተሩን ወደ 1/1000 ሰከንድ አድርጎ ስለሚኩራራው ተለማማጅ እናስብ። መብራቱ ዙሩን ለመጨረስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል፤ ካሜራው ከዚያ የወሰደው 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። መብራቱ ጫፍ ላይ በነበረበት ቅጽበት ከሆነ ፎቶው ይደምቃል፤ ሲደክም ከሆነ ይጠቁራል፣ ይበጫልም። ይህ የመጀመሪያው ጉዳት ነው፣ በፎቶና በፎቶ መካከል የሚታየው። ሁለተኛው ግን በአንዱ ፎቶ ውስጥ ያለ ነው፣ የከፋውም እሱ ነው። መጋረጃ ያለው ካሜራ በዚያ ፍጥነት ሲሠራ ሙሉውን ስእል በአንድ ጊዜ አይከፍትም፤ ጠባብ ስንጥቅ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ትንሸራተታለች። እያንዳንዱ ቦታ 1/1000 ሰከንድ ብርሃን ያገኛል፣ ስንጥቋ ግን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለመሄድ 1/250 ሰከንድ ያህል፣ ማለትም 4 ሚሊ ሰከንድ፣ ይፈጅባታል። በዚያ ጊዜ መብራቱ ግማሽ መንገድ ሊጠጋ ጥቂት ነው የሚቀረው። ላይኛው ጠርዝ ሲነሳ የደመቀ ነበር፣ ታችኛው ሲነሳ ደክሟል። የልጁ ፊት በአንዱ መብራት፣ ጉልበቱ በሌላው መብራት ተነስቷል ማለት ነው፤ አምፖሉ ግን አንድ ነበር። ስልክ፣ ወይም ድምፅ በሌለው የኤሌክትሮኒክስ ሹተር የሚሠራ ካሜራ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ስእሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ ለመጨረስ ከመጋረጃው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስድ ብዙ ነውና፣ በአንድ ፎቶ ላይ ሁለትና ሦስት መስመር ተደርድሮ ይመጣል።

ይህን ጉድለት ከጥላ መለየት የማይችል ሰው ፎቶ እመርጣለሁ ባይል ይሻላል። ጥላ የሰውነትን ቅርጽ ይከተላል፤ አፍንጫ ላይ ይታጠፋል፣ እጅጌ ላይ ይሰበራል፣ መሬት ላይ ይለጠጣል። የመብራት መርገብገብ ያመጣው መስመር ግን ምንም ነገር አይከተልም። ፊቱን፣ መረቡን፣ ከኋላ ያለውን ግድግዳና የተመልካቹን ጋቢ በአንድ ቀጥታ መስመር አቋርጦ ያልፋል፤ ጠርዙ ደግሞ እንደ ጥላ የተቆረጠ ሳይሆን ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ነው። መጋረጃው የሚሄደው ከስእሉ አጭር ጎን ጋር ስለሆነ መስመሩ ሁልጊዜ ካልተቆረጠው ፎቶ ረጅም ጎን ጋር ትይዩ ይተኛል። ካሜራው ቆሞ ከተነሳ መስመሩም ይቆማል። ይህ አንድ ምልክት ብቻውን ክርክሩን ሁሉ ይዘጋል፤ «አዳራሹ ውስጥ ጥላ ነበረ» የሚል ፎቶ አንሺ ካለ ካሜራውን ወደ ጎን አዙሮ እንደገና ያንሳና ጥላው አብሮ ሲዞር ይመልከት።

ገዢው ሌላም መፈተኛ አለው፣ እሱንም አይጠቀምበትም። ፎቶ አንሺ ለማሳየት ይዞት የሚመጣው አንድ የተመረጠ ፎቶ ነው። በርበሬ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይቶ አይከፍልም፤ እጁን አስገብቶ ከመሃል እፍኝ ያወጣል። እዚህም እንደዚያው ነው፦ ከዚያ ፎቶ በፊትና በኋላ ያሉትን አምስት አምስት ፍሬሞች አሳየኝ ማለት ያስፈልጋል። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የጠቆረ ሆኖ ከተደረደረ፣ የቀረበው አንዱ ደህና ፎቶ በዕድል የመጣ ነው፤ በሚቀጥለው የፍጻሜ ጨዋታ ዕድሉ ላይመጣ ይችላል። ገንዘብ የሚከፈለው ለዕድል ከሆነ ለሎተሪ ቢከፈል ይሻላል። የክለብ ኃላፊዎች፣ የወረዳ ኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች ይህን ጥያቄ ቢለምዱት የፎቶ ቤቶቹ ግማሽ በአንድ ወር ውስጥ ይሻሻል ነበር።

ፈጣን ሹተር ለምን እንዲህ እንደ ክብር እንደሚቆጠር መረዳት አይከብድም። ልጆቹ የሚያዩት የዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ፎቶዎችን ነው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በቤልግሬድ ኢትዮጵያ በ4 ወርቅ፣ በ3 ብርና በ2 ነሐስ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ሰንጠረዥን ስትመራ የወጡትን ፎቶዎች አይተዋል። በሴቶች 1500 ሜትር ጉዳፍ ጸጋይ፣ አክሱማዊት እምባዬና ሂሩት መሸሻ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው ሲጨርሱ፣ አንድ ዓይነት የብሔራዊ ቡድን ማሊያ የለበሱ ሦስት ሯጮች በአንድ ስእል ውስጥ ተገኝተዋል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የቀለም መፈተኛ አይገኝም፦ ሦስቱ ማሊያዎች አንድ ቀለም ካልሆኑ ፎቶው ወድቋል። እንዲህ ባለው መድረክ ግን አይወድቅም፤ መብራቱ የተተከለው የቴሌቪዥን ዘገምተኛ ምስል እንዳይርገበገብ ተብሎ ነውና። እዚያ 1/1600 መጠቀም ድፍረት አይጠይቅም። በጥር 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ገንዘቤ ዲባባ በስቶክሆልም 3000 ሜትርን በ8:16.60 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብርም የነበረው አዳራሽ ታላላቅ ውድድር የለመደ፣ ለካሜራ ታስቦ የሚበራ ነበር። የስቶክሆልምን ሹተር አምጥቶ የመርሳ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ማሠራት ግን የማይመሳሰለውን ማመሳሰል ነው። ወልድያ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ባለቤት ናት፤ ይህ ለከተማዋ ኩራት ነው፤ ነገር ግን ጠረጴዛ ቴኒሱ፣ ቴኳንዶው፣ ቦክሱና የክረምት መረብ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መብራቱም ከብዙ ዓመት በፊት የተገጠመ አዳራሽ ውስጥ ነው። ፎቶ አንሺው መመዘን ያለበት በዚያ ነው።

በዚህ ላይ የአገር ልዩነት ይጨመራል። የሰሜን ወሎ ልጅ ካሜራውን አዲስ አበባ ካልገዛው በብዛት ከሳዑዲ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣለት ነው፤ መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ከየቤቱ አንድ ሰው ባሕር ማዶ አለ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሳዑዲም አሜሪካም የኤሌክትሪክ ኃይላቸው 60 ኸርዝ ነው። ካሜራው ለዚያ ተስተካክሎ ይመጣል፤ ማስተማሪያውም ለዚያ የተጻፈ ነው። «በአዳራሽ ውስጥ 1/60 ወይም 1/120 ተጠቀም» የሚለው ምክር እዚያ ትክክል ነው፣ በ60 ኸርዝ መብራት እነዚያ ቁጥሮች ሙሉ ዙር ይይዛሉና። እዚህ ግን 1/60 አንድ ዙርና ከዚያም የሁለተኛውን ሁለት ሦስተኛ ይዞ ይቆርጠዋል። የእኛ ቁጥሮች 1/50 እና 1/100 ናቸው። በቪዲዮ የሚሠራ ደግሞ የካሜራውን ወይም የስልኩን ማስተካከያ ከፍቶ 60 የሚለውን ወደ 50 ይለውጥ። ይህን ለማድረግ ሳንቲም አያስፈልግም፤ ግን ከአሥር ፎቶ አንሺ ስንቱ ያንን ገጽ ከፍቶ እንዳየው መገመት ያሳዝናል። (ጃፓን ካሜራውን የሠራችልን አገር ሆና ራሷ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ምሥራቋ በ50፣ ምዕራቧ በ60 ኸርዝ ይበራል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ችግሩን ያውቁታል፤ የማናውቀው እኛ ገዢዎቹ ነን።)

ስለዚህ የምፈርደው እንዲህ ነው፦ መብራቱ በሚርገበገብ አዳራሽ ውስጥ 1/100 ከ1/1000 ይበልጣል። ይህን ስል ወዲያው የሚነሳው ተቃውሞ ይታወቀኛል፤ በ1/100 ስፖርት ይደበዝዛል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይደበዝዛል፤ ግን የቱ? ለመምታት የዘለለ የመረብ ኳስ ተጫዋች ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ላይም ወደ ታችም የማይሄድበት ቅጽበት አለ። ስሌቱን ማንም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል፦ ከጫፉ በፊት ባለው 0.05 ሰከንድና ከጫፉ በኋላ ባለው 0.05 ሰከንድ ሰውነቱ ከጫፉ የሚርቀው 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በጫፉ ላይ በተነሳ 1/100 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ወደ ፊት መንሳፈፉ ይቀራል፤ እሱንም ካሜራውን አብሮ በማስኬድ ይይዙታል። የሚደበዝዘው እጁ ነው፣ እጁ ደግሞ እየመታ ነውና ቢደበዝዝ ያምርበታል። በቴኳንዶም እግር ተዘርግቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ ተመልሶ ከመታጠፉ በፊት፣ እንዲህ ያለ ዕረፍት አለ። በጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋቹ ጨዋታውን ለመጀመር ኳሷን ወደ ላይ ወርውሮ ዓይኑን ሲተክልባት አለ። ስፖርቱን የሚያውቅ ሰው እነዚህን ዕረፍቶች ይጠብቃል። የማያውቀው ግን ጣቱን ተጭኖ በሰከንድ አሥር ያነሳና ካሜራው እንዲያውቅለት ይመኛል። የፈጣን ሹተር ፍቅር ከሥሩ ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይኸው ነው፣ ጨዋታውን አለማወቅ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፦ «በኤዲት ይስተካከላል»። አንድ ወጥ የሆነ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ጥላሸት በእርግጥ በአንድ ንክኪ ይስተካከላል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፎቶ አልጥለውም። መስመር ያለበት ግን አይስተካከልም። ላዩን ወደ ነጭ ካመጣኸው ታቹ እንዳለ ይቀራል፤ ታቹን ካከምከው ላዩ ሰማያዊ ይሆናል። በመካከል ያለው፣ ቀለሙ ቀስ እያለ የሚለወጥበት ቦታ ደግሞ በብዛት ፊት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ተጫዋች የሚነሳው በመሃል ነውና። ያንን በእጅ ለማስተካከል የተነሳ ሰው ፎቶ እያረመ አይደለም፤ የልጁን ፊት እንደገና እየቀባ ነው። ቆዳው ግራጫ ሆኖ የሚወጣው ከዚህ ነው። እንዲህ ያለ ግራጫ ፊት በየምረቃው ባነር ላይ ስንት እንዳለ የሚቆጥር ቢኖር ይገረም ነበር።

«እንግዲያው ጥቁርና ነጭ አድርገው» የሚልም አለ። ቀለሙን ይደብቀዋል፣ ድምቀቱን ግን አይደብቀውም፤ መስመሩ አሁን ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ጠቆር ያለ ቀበቶ ይሆናል። ጥቁርና ነጭ የፎቶ ምርጫ እንጂ የጥፋት መደበቂያ አይደለም።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ ግን ስለ ቅጽበቱ የሚነሳው ነው። ታላቅ ቅጽበት የያዘ ፎቶ ቀለሙ ቢዛነፍ ማን ይጥለዋል? ለዚህ ማስረጃ የሚሆነውን እኔው ራሴ ልስጥ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ምሽት ነበር፤ መንገዱ የበራው ወታደሮች በያዙት ችቦ ነው። ከዚያ ሌሊት የቀሩት ፎቶዎች ከጥራት አንጻር ቢመዘኑ ብዙ ይጎድላቸዋል፤ ማንም ግን አይነካቸውም፣ እኔም አልነካም። ነገር ግን ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ ያ ሯጭ ተመልሶ አይሮጥም፤ የቴኳንዶው የቀበቶ ፈተና ግን በየጥቂት ወሩ ይመለሳል፣ አዳራሹም ያው ነው፣ መብራቱም ያው ነው። ቀድሞ ገብቶ ባዶውን ግድግዳ አሥር ጊዜ አንስቶ መብራቱን ማጥናት የሚችል ሰው በቅጽበት ስም ይቅርታ ሊጠይቅ አይገባም። ሁለተኛ፣ ይቅርታ የሚደረግላቸው እነዚያ ፎቶዎች ጉድለታቸው ጨለማው ራሱ ነው፤ ሌሊቱን ይናገራሉ። የቢጫ መስመር ግን ስለ አዳራሹም ስለ ልጁም የሚናገረው ነገር የለም። በዚያ ሰዓት እዚያ የነበረ ማንም ሰው አላየውም። ዓይን ያላየውን ነገር ይዞ የመጣ ፎቶ ምስክርነቱ ተበላሽቷል፤ የስፖርት ፎቶ ደግሞ ከውበቱ በፊት ምስክር ነው።

ዕቃ የለንም የሚለውን ክርክር በግማሹ እቀበላለሁ። ካኖን በ2014 እ.ኤ.አ. ሰቨን ዲ ማርክ 2 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ የመብራቱን መርገብገብ ለክቶ፣ መብራቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ሹተሩን የሚለቅ ዘዴ ይዞ መጣ፤ ሌሎቹም ሠሪዎች ተከተሉ። ይህ ያለው ሰው በ1/1000 ቢሠራ አልቃወመውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል፤ መብራት ሄዶ አዳራሹ በጀነሬተር ሲበራ ብቻ፣ ጀነሬተሩም ጭነት ሲበዛበት ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ፣ ውጤቱን ደጋግሞ ይመልከት። የሌለው ሰው ግን ድሃ አይደለም። 1/100 በየትኛውም አሮጌ ካሜራ ላይ አለ። እንዲያውም አሥር እጥፍ ብርሃን ስለሚያስገባ አይኤስኦው ይወርዳል፣ ያ ሁሉም የሚያማርረው ነጠብጣብ ይቀንሳል፣ ውድ ሌንስ የማያስፈልግበት ጊዜም ይበዛል። ድህነትን ምክንያት የሚያደርጉ ሰዎች ነፃ የሆነውን መፍትሔ ሳይሞክሩ ውድ የሆነውን ሲመኙ ይታያሉ።

የቀድሞ ጌቶች ይህን ነገር እንዴት እንደተወጡት ማስታወስ ለዚህ ዘመን ልጆች ይጠቅማል። ሃሮልድ ኤጀርተን ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እጅግ አጭር ብልጭታ የሚሰጠውን የፍላሽ መብራት ለፎቶ ያበቃው እሱ ነው። ያንን ተቀብሎ ወደ ስፖርትና ወደ ዳንስ ያመጣው የአልባኒያ ተወላጁ ጆን ሚሊም በዚያው ተቋም የተማረው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነበር። ሁለቱም ፎቶን የጀመሩት ከመብራቱ ነው፣ ከካሜራው አይደለም። ኒል ሌይፈር በ1965 እ.ኤ.አ. በሉዊስተን ሙሐመድ አሊ በወደቀው ሶኒ ሊስተን ላይ ቆሞ ሲጮህ ያነሳው ፎቶ ቀለሙ እስከ ዛሬ የሚያስደንቀው ከቦክስ መድረኩ በላይ በተሰቀሉ ፍላሾች ስለበራ ነው። እነዚያ ፍላሾች አንዴ ከፈነዱ በኋላ እንደገና ኃይል እስኪሞሉ ሰከንዶች ይፈልጉ ነበር፤ አንድ ዕድል ነበረው፣ አንዱን ተጠቀመበት። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር፣ በሂውስተን አስትሮዶም፣ ካሜራውን ከመድረኩ በላይ ሰቅሎ አሊ እጁን ዘርግቶ፣ ክሊቭላንድ ዊሊያምስ በጀርባው ተዘርሮ የሚታዩበትን ፎቶ አነሳ። የመድረኩ ወለል ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ቀለም ነው። ያንን ፎቶ ሰዎች ለቅርጹ ያደንቁታል፤ እኔ ለወለሉ አደንቀዋለሁ።

ዛሬ በእኛ አዳራሾች ፍላሽ መስቀል ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። በብዙ ስፖርቶች በውድድር መሃል ፍላሽ የተከለከለ ነው፣ የተጫዋችን ዓይን ያጥበረብራልና፤ መከልከሉም ትክክል ነው። በቀበቶ ምረቃና በትርኢት ቀን ግን አሠልጣኙና ዳኛው ከፈቀዱ ሁለት ፍላሽ በሁለት ማዕዘን ከፍ አድርጎ አስሮ የአዳራሹን መብራት ከጨዋታ ውጪ ማድረግ ይቻላል። ካሜራው ራስ ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት የሚፈነዳውን ፍላሽ ግን ለመታወቂያ ፎቶ ይተዉት።

አንድ ነገር ልለይ፣ ፍርዴ እንዳይደባለቅ። መርሳ ሞቃት ናት፤ አዳራሽ ውስጥ ውድድር ሲኖር በሩም መስኮቱም ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ከአንዱ ጎን የቀን ብርሃን ይገባል። እዚያ የተነሳ ፎቶ አንዱ ጉንጭ ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ቢሆን ይህ የመርገብገብ መስመር አይደለም። ሁለቱ ብርሃኖች በእውነት እዚያ ነበሩ፤ ድንበራቸው በፊቱ ቅርጽ ላይ ይታጠፋል፤ በሚቀጥለው ፍሬምም ባለበት ይገኛል። እንዲህ ያለው ፎቶ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ለመቆም ያልደከመ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ግን ውሸት የለበትም። ገዢ ዋጋ ይቀንስ እንጂ አይመልሰው። እንዲያውም ቀን ከሆነ መብራቱን አጥፍቶ በሩን በሰፊው ከፍቶ በአንድ ብርሃን መሥራት ከሁሉ ይሻላል፤ ፀሐይ አትርገበገብም።

የቀረው ነገር ከፎቶ አንሺው እጅ የወጣ ነው፣ አዳራሹን የሚያስተዳድረው ሰው እጅ ውስጥ ያለ። ብዙ አዳራሽ ሦስት የኃይል መስመር፣ ስሪ ፌዝ የሚባለው፣ ይገባለታል፤ መብራቶቹ ግን ለመዘርጋት ስለሚቀል ሁሉም በአንዱ ላይ ይታሰራሉ። ያኔ ሁሉም አብረው ይደምቃሉ፣ አብረው ይደክማሉ። ጎን ለጎን ያሉት መብራቶች በሦስቱ መስመሮች ላይ ቢከፋፈሉ ግን አንዱ ሲደክም ሌላው ይደምቃል፤ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ቋሚ ሊባል ይደርሳል። አዲስ መብራት መግዛት አያስፈልግም፤ ቀድሞ ያሉትን በሌላ አሰላለፍ ማሰር ነው፣ ሙያ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሠራዋል። በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ የትምህርት ቤት፣ የኮሌጅ ወይም የወጣት ማዕከል አዳራሽ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የተቃጠለ አምፖል ሊቀየር መሰላል ሲወጣ ሠራተኛውን ይህን ጠይቁት።